«ኢ»ን የዋጥኩ ዕለት

እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ልኮራባችሁ ብዬ አይደለም። የደረሰብኝ ሁሉ የደረሰብኝ በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ነው። አባቴ አንኮበር አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ዕድሜውን ሙሉ ግዕዝና ቅኔ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነበር። ከሰላ ድንጋይም፣ ከቡልጋም፣ ከቆላውም ተማሪ ይመጣለታል። የስንቱን ልጅ አስተምሮ አንድ ልጅ ብቻ አመለጠው። ያመለጥኩት እኔ ነኝ።

ፊደል ቆጥሬአለሁ፣ አልክድም። ንባብም ወጥቻለሁ። ዳዊት ላይ ግን ሦስተኛው መዝሙር ላይ ሳልደርስ ኳስ የምትባል ነገር ሰፈራችን መጣች፤ እኔና ዳዊት በዚያው ተለያየን። ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። እንጀራዬን የማገኘው በፊሽካ ነው።

ሰው ግን ይህን አይቀበልም። የመሪጌታ ልጅ ግዕዝ ሳያውቅ ይቀራል ብሎ የሚያምን ሰው በእኛ አገር ገና አልተወለደም። ለቅሶ ቤት ስቀመጥ «እስቲ መምህር፣ ከሊቃውንቱ አንድ ቃል ጣል ያድርጉልን» ይሉኛል። «ኧረ እኔ የምን ግዕዝ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ጉሮሮዬን እጠርግና፣ ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሰቅዬ፣ ረጋ ብዬ «ኵሉ ከንቱ» እላለሁ። ሁለት ቃል ናት፤ ሁሉም ከንቱ ነው ማለት ናት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «አይ የአባቱ ልጅ» ይባላል፤ ንፍሮው ወደ እኔ በኩል ይገፋል። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ተለምኜ ሌላ ቃል ስላጣሁ እሷኑ ብያቸዋለሁ። ሙሽሮቹ ተነሥተው አሜን አሉ።

እንዲህ በሁለት ቃል ሃያ ዓመት በሊቅነት ኖርኩ። ቀጥሎ መጥሪያው መጣ።

መጥሪያውን ያመጣችልኝ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ናት፤ ሜዳ ላይ ልጆች እያሯሯጥኩ ሳለ። ስትሰጠኝ ፊቴን አላየችኝም። ገለጥ ሳደርገው ከላይ የአንኮበር ወረዳ ፍርድ ቤት ይላል፤ ዝቅ ብሎ በደማቁ «ሁከት» የሚል ቃል አለ። ከዚያ በታች ያለውን ዓይኔ አላነበበም። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ አዲስ ስፖርት መስሏቸው እነሱም ቁጭ አሉ።

ባለፈው ሳምንት የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ግጥሚያ በድብድብ ተበትኖ ነበር። ዳኛው እኔ ነበርኩ። አንድ ቅጣት ምት ከልክያለሁ። እርግጥ ነው ጠብ ነበር፤ ግን ሁከት ደረጃ ደርሶ አንኮበር ድረስ መሰማቱ ገረመኝ። እስከ ቤቴ ድረስ ሠላሳ ያህል ጊዜ ለራሴ ተሟገትኩ፤ አንድም ጊዜ አልረታሁም።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ልብስ ሰፊ ናት። ነገርንም የምታየው እንደ ጨርቅ ገልብጣ ነው። ወረቀቱን ተቀብላኝ ከላይ ሳይሆን ከታች ጀምራ አነበበችው።

«ተከሳሽ የሚለው ቦታ ላይ ስምህ የለም» አለችኝ።

«ታዲያ ከሳሽ ነኝ?»

«ከሳሽም አይደለህም። ሌላ ነገር ነህ። ሄደህ ጠይቅ።»

በማግስቱ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ከሚጽፉት ሰዎች አንዱ ጋ ሄድኩ። ጸሐፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን አየና ሳቀ። በእኔ ሞት ላይ ሲስቅ ሳይ አዘንኩበት።

«መምህር፣ ይኼ ሁከት እርስዎ የሚያውቁት ሁከት አይደለም» አለኝ። «ክሱ ሁከት ይወገድልኝ ነው የሚባለው። አንድ ሰው በእጁ አድርጎ ሲገለገልበት የኖረውን ነገር፣ መሬት ይሁን መተላለፊያ፣ ሌላው ሲያውክበት ያ ሁከት ይባላል። ድንጋይ መወርወር አያስፈልግም። ዝም ብለው አጥር ቢያጥሩም ሁከት ነው።»

«ዝም ብዬ?»

«ጭጭ ብለው።»

እኔ እስከ ዛሬ ሁከት የሚባለው ሲጮኽ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጥሩወርቅ ስትቆጣ ሦስት ቀን የምትዘጋኝ ነገር ስም እንዳለው ያን ጊዜ ገባኝ።

«እኔ ታዲያ እዚህ ውስጥ ምንድን ነኝ?»

«እርስዎ ባለሙያ ነዎት። የተጠሩት ሙያዊ ምስክርነት እንዲሰጡ ነው።»

ደስታ በደም ሥሬ ውስጥ ሲሮጥ ተሰማኝ። ኳስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የሜዳ ልኬት፣ የመስመር ጉዳይ።

«የምን ሙያ?»

ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «የግዕዝ ቋንቋ።»

ድንጋጤ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሳያጠፉ መከሰስ ነው፤ እሱ ይለቃል። ሁለተኛው ሰው እንዳይከስዎት ሲፈሩት በኖሩት ጥፋት በባለሙያነት መጠራት ነው። እሱ አይለቅም።

ነገሩን በስልክ ያብራሩልኝ ከሳሹ አቶ ደምሴ ናቸው። አቶ ደምሴ በአባቴ ደብር አጥቢያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ጎረቤታቸው እማማ የሺእመቤት የምንጩን መንገድ በእሾህ ዘጉባቸው። እሳቸውም ከሰሱ። ከአያታቸው ሣጥን ውስጥ አንድ የድሮ ወረቀት አግኝተው በማስረጃነት አቀረቡ፤ ወረቀቱ በአንበሳ ማኅተም የታተመ ነው፤ ጽሑፉ ግዕዝ ሆነ። ዳኛዋ «ማን ያንብብልን» ብለው ሲጠይቁ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ አፍ «የመሪጌታ ልጅ» አሉ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ከየሺእመቤት ጋር የተስማማነው በእርስዎ ብቻ ነው» አሉኝ አቶ ደምሴ። «አደራዎን።»

ያን ምሽት ጥሩወርቅ ምክሯን ሰጠችኝ። «ሄደህ አላውቅም በላቸው። አምስት ፊደል ናት።»

«የአባቴ ስም አለ» አልኳት።

«አባትህ አርፈዋል። የምትታሰረው አንተ ነህ።»

አልሰማኋትም። ከአንድ የታሪክ መምህር የግዕዝ መዝገበ ቃላት ተዋስኩ፤ በጡብ ልክ የሆነ መጽሐፍ። አንድ ቃል ባገኝበት ብዬ አገላበጥኩት። ለካስ ቃላቱ የተሰለፉት በሀ ሁ አይደለም፤ በአ በ ገ ደ ነው። እሱንም ለምጄ ስጨርስ እያንዳንዱ ቃል በሥሩ እንጂ በቅርንጫፉ እንደማይገኝ ተረዳሁ። ሥሩን ለማወቅ ደግሞ ግዕዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይህን መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? እያልኩ አንቀላፋሁ።

ወደ አንኮበር የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ተሳለሙት። ከዚያ ወዲያ ልከፍተው አፈርኩ።

ችሎቱ ጠባብ ነው፤ ጉም በመስኮቱ እየገባ የሰዉን ግማሽ ይሸፍነዋል። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን ከካባቸው ላይ ደርበው፣ በብርድ የቀላ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ተቀምጠዋል። በግራ በኩል አቶ ደምሴ፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ። በቀኝ በኩል እማማ የሺእመቤት። እማማ የሺን ልጅ ሆኜ አውቃቸዋለሁ። ቤታቸው ከአባቴ ጉባኤ ቤት ጋር በአንድ አጥር የተያያዘ ነበር። አሁን ባል ሞቶባቸው፣ ቆብ ደፍተው፣ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ማልኩ። እውነቱን ልናገር፣ የማውቀውን ልተረጉም፣ ከማላውቀው ልታቀብ ማልኩ። ስምል ድምፄ ያምር ነበር።

ወረቀቱን ሰጡኝ። አብዛኛውን አይጥ በልቶታል። የተረፈው ክብ ማኅተምና ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። ማኅተሙ ላይ ያለችውን ጽሑፍ ባየሁ ጊዜ ነፍሴ መለስ አለች፤ እሷንማ ማን ያጣታል። ድሮ በየቤቱ ግድግዳ፣ በየሳንቲሙ፣ በየደብዳቤው ራስጌ የነበረችው የአገር መፈክር ናት።

«ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብዬ አነበብኩ። የአባቴን ድምፅ እንደተዋስኩ ተሰማኝ።

«ትርጉሙስ?» አሉ ዳኛዋ።

«አሸናፊው የይሁዳ ነገድ አንበሳ ማለት ነው፣ ክብርት ዳኛ። ይኸውም ንጉሡ ናቸው።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን የሰው ጆሮ ሲከፈትልኝ እኔ አፌን መዝጋት አልችልም። ስለ አንበሳ ጠባይ ተናገርኩ። ስለ ማሸነፍ ተናገርኩ። ማሸነፍ ያለ ልምምድ እንደማይገኝ፣ ንጉሥም ቢሆን ሰውነቱን ማፍታታት እንዳለበት ስናገር ዳኛዋ በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። ከቀኝ በኩል አንድ ሳል ተሰማ። እማማ የሺ ናቸው። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ወደ ጽሑፉ ይግቡልን» አሉ ዳኛዋ።

ገባሁ። መስመሩን ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ኢይክላእ መኑሂ ፍኖተ ማይ»። ልብ በሉልኝ፤ ወረቀቱ ለዘመናት ታጥፎ ስለኖረ እጥፋቱ «ኢ»ን ከቀረው ቃል ለይቷት ነበር። ብቻዋን ዳር ላይ ቆማለች። «ፍኖት» መንገድ መሆኑን አውቃለሁ። «ማይ» ውሃ መሆኑን ማንም ያውቃል። «ይክላእ» ከአማርኛው ይከልክል ጋር ይመሳሰላል። የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ «ኢ» እና «መኑሂ»።

ላብ መጣ። በዚያ ብርድ፣ በአንኮበር አፋፍ ላይ፣ ሰው ላበው።

«ኢ ማለት፣ ክብርት ዳኛ፣ ኢትዮጵያ ማለት ነው። በምኅጻረ ቃል።»

መዝገብ ያዡ ጻፈ። የሰው ብዕር እንዲህ ያለ እምነት ጥሎብኝ ሲሮጥ ሳይ ድፍረት አገኘሁ።

«ቀጥሎ መኑሂ የውሃውን መንገድ ይከልክል ይላል።»

«መኑሂ ማን ናቸው?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። እኔም ራሴን እየጠየቅኩ ነበር።

«የዚያን ዘመን የአካባቢው ባላባት ይመስሉኛል።»

«ከተከራካሪዎቹ ጋር ዝምድና ይኖራቸዋል?»

እማማ የሺን አየኋቸው። ምንጩ ከእሳቸው ማሳ በታች ነው፤ ድሮም የእነሱ ወገን ይዞታ ነበር። ነገሩን መስመር ለማስያዝ ብዬ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ «የወይዘሮ የሺእመቤት ቅድመ አያት ሳይሆኑ አይቀሩም» አልኩ።

አቶ ደምሴ ኮፍያቸውን ለቀቁት። መሬት ወደቀ፤ አላነሡትም። ለሁለት ዓመት በሣጥን ያከበሩት ወረቀት፣ እሳቸው ራሳቸው ያቀረቡት ማስረጃ፣ አፉን ከፍቶ ሲበላቸው ያያሉ። «በአገራችን መኑሂ የሚባል ሰው ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። ማንንም አልተቆጡም። ያ ነው የገደለኝ።

ዳኛዋ ወደ ቀኝ ዞሩ። «ወይዘሮ የሺእመቤት፣ የሚጨምሩት አለ?»

እማማ የሺ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አንድ ቃል ይፈቀድልኝ። ስለ መኑሂ ነው።»

«ያውቋቸዋል?»

«አውቃለሁ። ማንም ነው።»

«ማንም ሊሆን ይችላል ማለትዎ ነው?»

«የለም። ማንም ነው።»

«ማን እንደሆነ እኮ ነው የምጠይቅዎት።»

«ማን የሚለው መኑ ነው፣ ልጄ፤ ይቅርታ፣ ክብርት ዳኛ። መኑ ማለት ማን ማለት ነው። መኑሂ ማለት ማንም። ሰው አይደለም። ይኼ ልጅ ባላባት አደረገው እንጂ ዘር ማንዘር የለውም።»

መዝገብ ያዡ ብዕሩን አነሣ። ባላባቱን ይሰርዝ አይሰርዝ ግራ ገብቶት ዳኛዋን አያቸው።

«ኢ የምትለዋም ኢትዮጵያ አይደለችም» ቀጠሉ እማማ የሺ። «እሱ ነጥሎ አነበባት እንጂ ብቻዋን አትቆምም። የሚቀጥለው ቃል ራስ ናት። አሉታ ናት። ኢይክላእ ማለት አይከልክል ማለት ነው። ማንም የውሃ መንገድ አይከልክል ነው የሚለው ወረቀቱ።»

ጉሙ እንኳን የቆመ መሰለኝ። እኔ አንዲት ፊደል ውጬ ሕጉን ገልብጬው ኖሯል። አይከልክል ያለውን ይከልክል አስብዬ፣ ለዚያውም የአገሬን ስም ለብሼ።

ዳኛዋ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «ወይዘሮ የሺእመቤት፣ መንገዱን የዘጉት እርስዎ ነዎት። የባለሙያው ትርጉም ለእርስዎ ይጠቅም ነበር። ይህ የሚሉት ደግሞ ይጎዳዎታል።»

«አውቃለሁ።»

«አውቀው ነው የተናገሩት?»

«ግዕዙ እንዲያ ስለሚል ነው።» ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። «አንበሳውንም አበላሽቶታል። አሸናፊው አንበሳ አይደለም የሚለው። ሞዓ ቅጽል አይደለም፤ ግስ ነው። ድል ነሣ ነው። ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሣ። አንበሳውም ክርስቶስ ነው፤ ነገሥታቱ የሱን ቃል ነው ራሳቸው ላይ ያሳተሙት። የዚህ ልጅ አባት ይህን ሲያስተምሩ ጅራፍ ይዘው ነበር።»

አባቴ ጅራፍ ይዞ የሚያስተምረው ማንን እንደነበር ችሎቱ ሁሉ ገባው።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ ዳኛዋ። ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አይደለም።

ብዙ ነገር ለማለት ፈለግሁ። ወረቀቱ ያረጀ መሆኑን፣ ብርሃኑ ደካማ መሆኑን፣ በግዕዝ ሊቃውንት መካከል ልዩነት መኖሩን። አቶ ደምሴን ሳይ ግን ኮፍያቸው አሁንም መሬት ላይ ነው።

«አላውቅም» አልኩ።

«የቱን አያውቁም?»

«ግዕዝን። ምንም አላውቅም። ሁለት ቃል ብቻ ነው የማውቀው፤ እነሱም ኵሉ ከንቱ ናቸው።»

«በመሐላ ቃል ሰጥቶ ሐሰተኛ ትርጉም ማቅረብ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ያውቃሉ?»

«እሱንም አላውቅም ነበር።»

ዳኛዋ መሐረባቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ተማሪዬ ሊሆኑ ይችሉ ነበር በዕድሜ። ከዚያ ለመዝገብ ያዡ እየተናገሩ አስጻፉ፤ ቃሉ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ባለሙያው የግዕዝ ቋንቋ እንደማያውቁ በራሳቸው አንደበት አረጋግጠዋል። ስህተታቸውን ጉዳት ከመድረሱ በፊት ስላመኑ በማስጠንቀቂያ ታልፈዋል።» ፈርም ተባልኩ። ፈረምኩ። ማኅተም ተመታበት። ሰው ዕውቀቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ለማግኘት አሥራ አምስት ዓመት ይማራል፤ እኔ አለማወቄን የሚያረጋግጥ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ሰነድ በአንድ ረፋድ ጨርሼ ወጣሁ።

ዳኛዋ የአቶ ደምሴን ወረቀት ለማጣራት ወደ ወረዳው ቤተ ክህነት ላኩት። ለከሰዓት ተቀጠርን።

ውጭ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር እማማ የሺ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሸሽቼ ማለፍ ፈልጌ ነበር፤ በዘንጋቸው ጠሩኝ።

«እማማ፣ ግዕዝ ከየት ተማሩ?» አልኳቸው። ሌላ የምለው አጣሁ።

«ከአባትህ። አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ። ሴት ጉባኤ አትገባም፤ አጥር ግን ድምፅ አይከለክልም። ሠላሳ ተማሪ ውስጥ ገብቶ ይማር ነበር፤ እኔ ከውጭ ጥጥ እየፈተልኩ እሰማለሁ። አንተ አጥሩን ዘለህ ለኳስ ስትወጣ አንድ ቀን እግሬን ረግጠኸኛል።»

አላስታወስኩም። ግን አልተጠራጠርኩም። የጠዋቱ ፈገግታቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

«ታዲያ ዝም ቢሉ ኖሮ አሸንፈው ነበር።»

«እንዴት አድርጌ?» አሉኝ። «ወረቀቱ ራስጌ ላይ ማን እንዳሸነፈ ተጽፏል። ድል ነሣ ይላል፤ አንበሳው። የሺእመቤት አይልም። ከሱ ሥር በስህተት ባሸንፍ ውሃውን በየት በኩል እውጠዋለሁ?»

ከዚያ ለምን መንገዱን እንደዘጉ ጠየቅኳቸው። የአቶ ደምሴ አምስት ከብት ጠዋትና ማታ ወደ ምንጩ ሲወርድ ገብሳቸውን ይረግጠዋል። ሦስት ጊዜ ነገሯቸው። ሦስተኛው ጊዜ አቶ ደምሴ «ከብት ወሰን ማንበብ አይችልም» ብለው መለሱላቸው። ያን ዕለት እሾሁን ጎተቱት።

«ቃሉ ነው ያበገነኝ» አሉ። «ከብቱማ ምን ያድርግ።»

አቶ ደምሴ ከግድግዳው ማዶ ቆመው ሲሰሙ ነበር ለካ። ኮፍያቸውን አድርገዋል። ወጣ ብለው መጡና ከእማማ የሺ ፊት ቆሙ፤ ኮፍያቸውን መልሰው አወለቁት።

«የሺዬ፣ አንድም ሰው ባያውቅ ይህን ነገር አንቺ ታውቂ ነበር» አሉ።

«የቱን?»

«ልትረቺኝ እንደነበር።»

«አዎ።»

«እኔ ብሆን ዝም እል ነበር።»

እማማ የሺ ቀና ብለው አዩአቸው። «አውቃለሁ፣ ደምሴ። ለዚህም ነው ገብሴ ሲረገጥ ዝም ያልከው።»

ከሰዓት ከቤተ ክህነት መልስ መጣ። እንደ እማማ የሺ ቃል ሆኖ ተገኘ፤ ፊደል ሳይቀር። እኔ አሁን ይፈረድባቸዋል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዳኛዋ ግን ወረቀቱን አጥፈው ወደ ጎን አደረጉት።

«ይህ ወረቀት መሬት አይሰጥም፣ አይነሣምም» አሉ። «መሬት ዛሬ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እናንተ ያላችሁ ይዞታና የመጠቀም መብት ነው። እኔ የምወስነው መንገዱ ሲኬድበት የኖረ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። ወረቀቱን ያስነበብኩት አቶ ደምሴ በማስረጃነት ስላቀረቡት ነው።»

ይህን ስሰማ የተሰማኝ ነገር በቃል አይገለጽም። ጠዋት የሸጥኩት ስም፣ የአባቴ ጅራፍ፣ የፈረምኩት የድንቁርና ሰነድ፣ ሁሉም ክሱን ለማይወስን ወረቀት ኖሯል። ቢያንስ ሰው ለአንድ ቁም ነገር ይዋረዳል።

ዳኛዋ መስማማት ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቋቸው። አቶ ደምሴ ቀድመው ተነሡ። ሰው በመንገዱ ያልፋል፤ ከብቱ ግን በታች በኩል ዞሮ ይወርዳል፤ የገብሱ ዳር በአቶ ደምሴ ጉልበት ይታጠራል። እማማ የሺ «ዕርቅ» አሉት፤ መዝገቡ «ስምምነት» አለው። ዕርቅ በሰው ፊት ሲሆን እጅ መጨባበጥ አለው፤ ስምምነት ፊርማ አለው። ሁለቱም ተደረጉ።

ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለሰው መኪና ሳይመጣ እኔም ከእነሱ ጋር ወደ ምንጩ ወረድኩ። ማንም ና አላለኝም፤ ብቻዬን መቆም ፈርቼ ነው። አቶ ደምሴ እሾሁን ከላይ ያዙ፤ እኔ ከታች። ስፖርት መምህር ነኝ፤ ጉልበት አላጣሁም። ግን እሾህ ጉልበት አይፈራም። እጄ ደማ፤ ማንም አላዘነልኝም። መንገዱ ሲከፈት የአቶ ደምሴ ባለቤት ጀሪካኗን አዝላ ከላይ ቆማ ነበር። ለሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ሴቶች ተያዩ። እማማ የሺ ጀሪካኗን ራሳቸው አወረዱላት።

እጄን በምንጩ ስታጠብ እማማ የሺ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ቅዳሜ ሥራ አለህ?» አሉኝ።

«የለኝም።»

«ና። ከኢ እንጀምራለን።»

የድፍን ሀገር ውርደቴን ረስቼ ደስ አለኝ። «መዝገበ ቃላት አለኝ፣ እማማ፤ ይዤ ልምጣ?»

«ምንም አትያዝ» አሉ እማማ የሺ፣ ዘንጋቸውን አንሥተው እየሄዱ። «ጆሮህን ይዘህ ና። አፍህን ቤት ተወው።»